አርባ ደቂቃ የሚዘፍን አምፕ

አርባ ምንጭን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ «አዞ ገበያ» ሲባል ሰምቷል። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተኪዶ፣ አዞዎች ዳር ላይ ተጋድመው ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩበት ቦታ ነው። ገበያ ይባል እንጂ የሚሸጥም የሚገዛም የለም። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ በቃ።

እኔ ደግሞ እዚሁ ከተማ ቁጭ ብዬ ሌላ የአዞ ገበያ ለምጃለሁ። እሱ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ያገለገሉ አምፕሊፋየሮች ይለጠፋሉ፤ ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው «በስልክ» ይላል፣ ሻጩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የተበላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ግን አንድ ቀን እኔ ራሴ አዞ ልሆን ስለነበረበት አጋጣሚ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ለማታውቁት ላስተዋውቅ። ብዙ ቤት ያለው፣ በተለምዶ «ጂፓስ» የምንለው፣ አምፑም ስፒከሩም አንድ ላይ ታሽጎ የሚመጣ ነው። የድምፅ ሱስ የያዘን ሰዎች ግን ለየብቻ እንገዛለን፤ አምፑን ለብቻ፣ ስፒከሩን ለብቻ። አምፕ ማለት ከስልክ፣ ከሲዲ ወይም ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል አጎልብቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ ሣጥን ነው። ጥሩው ዓይነት አዲስ ሲሆን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ዓይናችን ያለው የዛሬ 30 እና 40 ዓመት በተሠሩት የጃፓን አምፖች ላይ ነው፦ ሳንሱይ፣ ፓዮነር፣ ቴክኒክስ፣ ኬንውድ፣ ያማሃ። ከባድ ናቸው፣ ፊታቸው ብረት ነው፣ ከተያዙ ደግሞ ዕድሜ አላቸው።

ዲያስፖራ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው አለ። በዱባይ በኩል የገባ አለ። የአባት ሳሎን ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ የኖረ አለ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ይሸጣል።

«ስላይትሊ ዩዝድ»

የእኔን አምፕ የገዛሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። ሻጩ አዲስ አበባ፣ እኔ አርባ ምንጭ፤ መሀላችን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ምንም ችግር የለበትም ወንድሜ» አለኝ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ላከልኝ፤ መብራቱ በርቷል፣ ሙዚቃው ይሰማል። 18 ሺህ ብር በሞባይል ላክሁለት። ለእኔ የብዙ ወር ቁጠባ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ መጣ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ቤቴ ገባ፣ ሰካሁት፣ ዘፈነ። ያን ቀን ምሳ የበላሁም አይመስለኝም።

አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆን የግራው ድምፅ ጠፋ።

አጠፋሁት። ቀዘቀዘ። መልሼ አበራሁት፣ በሁለቱም በኩል ጥርት አድርጎ ዘፈነ። አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግራው መልሶ ጠፋ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። ጻፍኩለት፣ አየው፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከዕቃው ጋር ተላምደን ኖርን። ለሠላሳ አምስት ደቂቃ እሰማበታለሁ፣ አሳርፈዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሰዓት እያየሁ ነው። ጠጋኝ ጋ ለምን አልወሰድከውም ትሉኛላችሁ። «ከፍቶ የባሰ ያበላሸዋል» ብዬ ስለፈራሁ ነው። ይህ ፍርሃቴ በኋላ ስንት ብር እንዳስወጣኝ ታያላችሁ።

ብር ሲወርድ፣ አሮጌ ዕቃ ሲወጣ

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ቀን ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ቁጥሩን መከታተል ልማዴ ነው፤ ያን ሰሞን ግን የምከታተለው ስለ አምፔ ብዬ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውጭ አገር 200 ዶላር የሚሸጥ ያገለገለ አምፕ በፊት በመደበኛው ምንዛሪ 11,400 ብር ነበር። ዶላሩ 110 ሲገባ ያው ዕቃ 22,000 ብር ሆነ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተጨመረም። ከውጭ የሚመጣው ሲወደድ እዚህ ቤት ውስጥ ያለውም አብሮ ይወደዳል። የእኔ አምፕ አንድ ብሎን ሳይለወጥለት፣ አቧራው እንኳ ሳይጠረግለት፣ ዋጋው አሻቀበ። ተመሳሳዮቹ 30 ሺህ ብር ሲጠየቅባቸው አየሁ።

ያን ጊዜ ብር ያስፈልገኝ ነበር። ፎቶ አነሳሁ፣ ፊቱን በጨርቅ ወለወልኩ፣ ለጠፍኩት። የጻፍኩትን ቃል ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል፦ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ምንም ችግር የለበትም፣ 30 ሺህ።»

ገዢ ሲመጣ ስንት ደቂቃ ይሞክራል? አሥር። ቢበዛ አሥራ አምስት። እኔ ደግሞ አርባ አለኝ።

ሎሚው

እዚህ ላይ ትንሽ ከክፍል የተማርኩትን ልጨምር፤ አታኩርፉ፣ ያዝናናል።

እኛ አገር ሎሚ ጥምቀት ላይ ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነገር ነው። አሜሪካኖች ግን «ሎሚ» የሚሉት ውጩ አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪናን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚህ «የሎሚ ገበያ» አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ሦስት መጽሔቶች መልሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ሐሳቡን በአምፕ እንየው። እንበል ገበያው ላይ አሥር አምፕ አለ። አምስቱ ደህና ናቸው፣ ዋጋቸው 40 ሺህ ብር ነው። አምስቱ የታመሙ ናቸው፣ 10 ሺህ አያወጡም። ሻጭ የራሱን ያውቃል፤ ገዢ ግን በፎቶ መለየት አይችልም። ገዢው ብልህ ከሆነ መሀሉን ይይዛል፦ «ከ25 ሺህ በላይ አልከፍልም።» አሁን ደህና አምፕ ያለው ሰው ምን ይላል? «40 የሚያወጣውን በ25 አልሰጥም» ብሎ ቤቱ ያስቀምጠዋል። የታመመ ያለው ግን እየሮጠ ይሸጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ማን ነው? ሎሚው ብቻ። ገዢው ይህን ሲያውቅ 25ቱንም መክፈል ይተዋል። ገበያው ሞተ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ስለማያውቅ ብቻ ነው። «በዚህ ገበያ ጥሩ ዕቃ አይገኝም» የምንለው ሰዎች እኛው ራሳችን፣ አንዳንዴ ጥሩ ዕቃችንን «ማን ያምነኛል» ብለን ደብቀን የምናስቀምጥ ነን።

እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። አውቄም «ምንም ችግር የለበትም» ብዬ ለጠፍኩ።

ከጨንቻ የወረዱት ገዢ

ደዋዩ አንድ መምህር ናቸው፤ ከጨንቻ። ጨንቻን የማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስታችሁ ዶርዜን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ጃኬት የሚያስለብሳችሁ፣ ጭጋግ የሚወርድባት ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ብርዱን በጋቢ ይዘውት መጡና ቤቴ ሲደርሱ ጋቢውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። «ይቺን ክፈትልኝ» አሉኝ። የዶርዜ ዘፈን ነው። የዶርዜ አዘፋፈን አንድ ሰው አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄደው የሚገጥሙበት ነው። በስልክ ስፒከር ስትሰሙት ጫጫታ ይመስላል። በደህና አምፕ ስትሰሙት ግን ማን የት እንደቆመ በጣት መጠቆም ትችላላችሁ። አምፕ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ዘፈን አላውቅም።

ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንዴ በግራ በኩል ወደ ሚሰማ ድምፅ ጣታቸውን አንስተው ፈገግ አሉ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። «ጥሩ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ። የማይደረግ፣ የሚያስነውር፣ የተከለከለ ነገር ነው። መዋሸት፣ መስረቅ፣ የሰው ድንበር መግፋት ጎሜ ነው። ደብቆ ያለፈ ሰው እንኳ መዘዙ በራሱ፣ በቤተሰቡ፣ በከብቱ ወይም በእርሻው ይመጣበታል ተብሎ ይታመናል። ማውጫው ጥፋቱን መናገር ነው፤ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ዱቡሻ ላይ ነገሩ ይወጣል፣ ይነገራል፣ ይታረቃል። ስለ መዘዙ እናንተ የፈለጋችሁትን እመኑ። እኔ ግን ኢኮኖሚስት ሆኜ ሳየው፣ ደብቆ መሸጥን ለሻጩም ውድ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። አከርሎፍ የጻፈው ችግር እዚህ ተራራ ላይ መልስ ሲፈለግለት ኖሯል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት የእሳቸውን መንገድ ነው። ይህን ከባድ ብረት ተሸክመው ተራራውን ይወጣሉ። ማታ ቤተሰባቸውን ሰብስበው ያበሩታል። ከዚያ እኔ ጋ ይደውላሉ። እኔ ደግሞ… አላነሳም?

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ» አልኳቸው። «አርባ ደቂቃ ሲሞላው ግራው ይጠፋል።»

ዝም አሉ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ነው። «ማስታወቂያው ላይ እንዲህ አላልክም።»

«አላልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አምፑን ትንሽ አዩት። እኔንም አዩኝ። «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይየውና ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ።

ጠጋኙ የሸጠልን ነገር

ባጃጅ ይዘን ሲቀላ ወረድን። ጠጋኙ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ክዳኑን ከፈተ፣ አቧራውን ነፋ፣ ሰካውና «ቡና ጠጥታችሁ ኑ» አለን። የዚህ ዓይነት ብልሽት እስኪሞቅ ካልተጠበቀ አይያዝም።

አርባ ደቂቃ። ግራው ጠፋ። ልጁ በደረቅ ቀጭን እንጨት ቦርዱን እዚህም እዚያም ቀስ እያደረገ ነካ ነካ አደረገው። አንድ ቦታ ሲነካ ድምፁ ብቅ አለና ጠፋ። ነቅሎ፣ ገልብጦ፣ በማጉያ መነጽር አሳየን፦ የአንድ ትራንዚስተር እግር ዙሪያ ያለው ብየዳ ፀጉር በምታህል ቀለበት ተሰንጥቋል። ዕቃው ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ድምፁ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገጥማል። ያን እግርና አጠገቡ ያሉትን አድሶ በየዳቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘፈነ፣ አልጠፋም።

ስንት? 800 ብር።

ሁለት ዓመት በሠላሳ አምስት ደቂቃ ስሰማ የኖርኩት በ800 ብር ጉዳይ ነው።

መምህሩ 28 ሺህ ከፈሉ፤ የጠጋኙን ሒሳብ እኔ ቻልኩ። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብልሽቱን ተናግሬ እንዳለ ልሽጠው ብል ከ12 ሺህ በላይ የሚሰጠኝ አልነበረም። ብልሽቱ ምን እንደሆነ ሲታወቅና ሲጠገን 28 ሺህ ሆነ። ልዩነቱ 16 ሺህ ብር ነው፣ ብየዳው ደግሞ 800። ከዚህ አብዛኛው የሌድና የእጅ ዋጋ አይደለም፤ የማወቅ ዋጋ ነው። ጠጋኙ የሸጠልን እውቀት ነው፤ ገዢና ሻጭ ሁለቱም የሚያምኑትን።

ለእኔ የሸጠልኝ የአዲስ አበባው ልጅም ይህን ቢያደርግ ኖሮ 18 ሺውን ያገኝ ነበር፣ ደንበኛም ያተርፍ ነበር። ዛሬ ዕቃ ስፈልግ የማልደውልለት ሰው እሱ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ብልሽት 800 ብር አይደለም። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ አሮጌ አምፕ ብዙ ጊዜ ለመለዋወጫ ነው የሚሆነው። የኃይል ትራንዚስተሮቹ ከሄዱም የድሮዎቹ ምርታቸው ስለቆመ፣ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ፎርጅድ ነው። ለዚህ ነው ሳይታወቅ የማይከፈለው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከዚያ ልጅ የተማርኩትንና በራሴ ኪሳራ የጨመርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከፊቱ በፊት ጀርባውን እዩ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ስንት ቮልት ይላል? የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ አምፕ 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። ቀጥታ ከሰካችሁት ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዝ ይሄዳል፣ ካልሆናችሁ ትራንስፎርመሩ። አንዳንዱ ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፤ አቅሙም አምፑ ከሚበላው ዋት ሰፋ ያለ ይሁን። ዋጋውን ከአምፑ ዋጋ ጋር ደምሩት። ስታቢላይዘር የዚህን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ዋት ሲነገራችሁ አትደንግጡ። «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚለው ቁጥር ወጥ መለኪያ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የምትፈልጉት አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። ከመብራት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ከየት ያመጣል? ደግሞም ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይፈልጋል። ለአንድ ክፍል ቤት 40 ንጹሕ ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ብሎኖቹን እዩ። አናታቸው ከተበላ ዕቃው ተከፍቷል ማለት ነው። መከፈቱ ወንጀል አይደለም፤ «ማን ከፈተው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። አሽትቱትም፤ የተቃጠለ ሽታ ቶሎ አይለቅም።

አራተኛ፣ ስፒከራችሁን ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ፣ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከር መውጫዎቹን ንኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። 100ን ካለፈ ጠጋኝ ይየው። ሙሉ ቮልት ካነበበ ስፒከራችሁን እንዳታስጠጉ፣ ያቃጥለዋል።

አምስተኛ፣ ቮልዩሙን ስታዞሩ «ቅርርር» ካለ አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ በማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል። ለዋጋ መከራከሪያ ግን ተጠቀሙበት። ሙዚቃ ሳይኖር «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ ግን ካፓሲተሮቹ አርጅተው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወጪ አለው።

ስድስተኛ፣ አንድ ሰዓት። ይህን የማስተምረው በደሜ ነው። ሻጩ አንድ ሰዓት ካልፈቀደ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ሩቅ ከሆነ በቪዲዮ ኮል ሰዓት አጠገቡ አድርጎ ያሳያችሁ። በቃሉ የሚተማመን ሻጭ «ሦስት ቀን ሞክረው» ወይም «ዋስ ልጥራ» ይላል። ከላይ የጠቀስኩት ስፔንስ የተሸለመው ይህንኑ በማስረዳት ነው፦ ለደህናው ሻጭ ቀላል፣ ለአታላዩ ግን ውድ የሆነ ምልክት እውነተኛ መረጃ ይሰጣል።

ሰባተኛ ለአርባ ምንጭ ልጆች ብቻ፦ የእኛ ሙቀት ቀልድ አይደለም። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። አምፑን ቁምሣጥን ውስጥ አትክተቱ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሱ፣ ይተንፍስ። ክዳኑን ደግሞ ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚመታ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የምትሸጡት እናንተ ከሆናችሁስ? አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ችግሩ ይሄ ነው።» ደዋይ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የሚደውለው ሰው ግን ለመግዛት ነው የሚደውለው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከመምህሩ ጋር አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። ባለፈው አንድ ማታ ቮይስ ላኩልኝ። ንግግር የለውም፤ ዘፈን ብቻ ነው፣ ያ የዶርዜ ዘፈን፣ ከኋላው የልጆች ሳቅ ይሰማል። እስከ መጨረሻው ከመስማቴ በፊት ርዝመቱን አየሁት።

አርባ አንድ ደቂቃ።